አርባ አንደኛዋ መላጣ

የመዶሻው ድምፅ የተሰማኝ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለሁ ነው። ጧ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጧ። ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ በእኛ ቤት መዶሻ ብርቅ አይደለም። "ደግሞ የማንን ቱቦ ነው የሚቀጠቅጠው" እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ነው በሩን የከፈትኩት። ባሌ ግን ሶፋው ላይ ተንጋሎ ኳስ ያያል።

"ጓሮ ማነው የሚመታው?" አልኩት።

"አባባ ናቸዋ። ተያቸው በናትሽ፣ ዛሬ ደህና ውለዋል። እጃቸውን ያፍታቱ ብዬ የሥራ ጠረጴዛዬን ለቀቅሁላቸው።"

"ምን እየመቱ ነው?"

"እንጃ፣ የሆነ ብረታ ብረት።" ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

ቦርሳዬን እንኳ ከትከሻዬ ሳላወርድ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። በግራው በኩል አንድ የእንጨት ሳጥን ተከፍቷል። የእኔ ሳጥን! ቁልፉን ከሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ሥር የምደብቀው ሳጥን! በቀኙ በኩል ደግሞ ሳንቲሞቼ በአሥር በአሥር ተሰልፈዋል። አንዷን አነሳሁ። መሃሏ ላይ ባለ ሦስት ጣት የወፍ እግር ተመትቶባታል። ሌላዋን አነሳሁ፣ የወፍ እግር። ሦስተኛዋንም አነሳሁ።

ክው አልኩ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፣ ይስቃል።

"ሲስተር፣ መጣሽ? አይዞሽ፣ ደርሼልሻለሁ" አለኝና ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ የተቀመጠችውን የመጨረሻዋን ሳንቲም በዓይኔ ፊት ጧ አደረጋት። አርባኛዋ ነበረች።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ አለዚያ ስለ ቁራጭ ብረት የምታለቅስ እብድ ልመስል ነው። እኔ ያልተመታ ሳንቲም እሰበስባለሁ። ሳንቲም ሲሠራ መጀመሪያ ብረቱ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ማሽን ይመታውና ምስልና ቁጥር ያወጣል። አንዳንዴ፣ ከስንት ሺህ አንዴ፣ አንዷ ማሽኑን አምልጣ ልሙጧን ከሌሎቹ ጋር ከረጢት ውስጥ ትገባለች። ምስል የላት፣ ቁጥር የላት፣ ዓመተ ምሕረት የላት። ሌላው ሰው መልስ ሲሰጡት "ይቺ የውሸት ናት" ብሎ ይመልሳታል። እኔ ልቤ ይጠፋል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ የረቀቀ ሚዛን አለን፤ ክብደቷ ልክ ከመጣ፣ ጠርዟም የፋብሪካ ጠርዝ ከሆነ፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው የምፈነድቀው። በሃያ ስድስት ዓመት አርባ አንድ ሰበሰብኩ። ባሌ "መላጦቹ" ነው የሚላቸው። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለው ሰውዬ ማታ ማታ ሲገባ "መላጦችሽ እንዴት ዋሉ?" ይለኛል። "አንተን ጨምሮ ደህና ናቸው" እለዋለሁ።

ከሁሉም የምትበልጠው አርባ አንደኛዋ ናት። ሰፊዋ፣ ከባዷ፣ የትልቁ ሳንቲም መላጣ። ያገኘኋት አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ ነው፤ ምን እንደሆነች ሳያውቅ የሚዛን ጠጠር አድርጎ ምስማር ይመዝንባት ነበር። ባለፈው ወር ሙዚየሙ ደብዳቤ ላከልኝ። እሷን ከነስሜ መስታወት ውስጥ ሊያስቀምጧት፣ ሌሎቹንም ዙሪያዋን ሊደረድሯቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት መርማሪያቸው ቤት ድረስ መጥቶ አይቶ፣ መዝኖ፣ ያስፈርመኛል። የሰብሳቢዎች ማኅበር ውስጥ "ሴትዮዋ ባዶ ነገር ትሰበስባለች" ተብሎ ስንት ዓመት የተሳቀብኝ እኔ! ሳምንቱን ሙሉ አፌ አላረፈም። ሳጥብም፣ ስጠርግም፣ አባቴን ሳበላም "ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል፣ አንድ በአንድ ያያቸዋል" ስል ከረምኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አባቴ ደግሞ ሳንቲም ፋብሪካ ውስጥ የመምቻ ማሽን ሠራተኛ ነበር። ኪስ የሌለው ቱታ ለብሰው ነው የሚሠሩት። ሲወጡ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ያራግፋሉ፣ ምንም ይዘው እንዳይወጡ። ኪስ አለመልመዱ ዛሬም አልለቀቀውም፣ መሐረቡን እንኳ በእጁ ጨብጦ ነው የሚዞረው። ሁሉም ሠራተኛ መፍቻውንና የምሳ ዕቃውን የሚለይበት የራሱ ምልክት ነበረው፤ ጣት በምታክል ብረት ይመቱበታል። የአባቴ የወፍ እግር ነው። ብረቷ የግሉ ናት፣ ዛሬም ከእሱ አልተለየችም። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ከአፉ የሚወጣው "በላሽ?" የሚለው ነው። ሰላምታው እሱ ብቻ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት ሲሆነው "ወገቤን አመመኝ" ብሎ ሥራውን ተወና የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። እናቴም እኔም አመንነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው ትዝታው እየሸሸ የሄደው። እኔን የምታስታምመው ነርስ አድርጎኛል። ይኸው ስምንት ወር ሙሉ ሲስተር ነኝ፣ ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ጓሮው ልመለስ። በጩኸት ሰፈሩን አናጋሁት።

"አባባ! ምን ሠራህ! ምን ሠራህ አንተ ሰውዬ!"

ባሌ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንደጨበጠ እየሮጠ መጣ። ጠረጴዛውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሪሞቱ ከእጁ ወደቀ። "ወይኔ መላጦቹ" አለ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ!

አባቴ ግን በድንጋጤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "ቀስ በይ ሲስተር፣ ቀስ፣ ይሰሙናል" አለኝ በሹክሹክታ። "ነገ ሰውየው መጥቶ አንድ በአንድ ያያቸዋል አላልሽም? አርባ ሙሉ ያልተመታ ይዘሽ! ያባርሩሻል እኮ! እኔን በአንዷ ነው ያባረሩኝ። በአንዷ!"

"ማን ነው ያባረረህ? ወገብህን አሞህ አይደል የለቀቅኸው?"

ሳንቲሞቹን በመሐረቡ መወልወል ጀመረ። ወደ ባሌ ዞርኩ። ባሌ ጫማውን ያያል። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጫማውን ካየ የደበቀኝ ነገር አለ።

"ተናገር" አልኩት።

"ሳንጋባ በፊት ነው የነገሩኝ። ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል ብለው አስምለውኝ ነው።"

"ምኑን?"

"አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሳንቲም ሳትመታ ከማሽናቸው አመለጠች። ከረጢት ውስጥ ገብታ ወጥታለች፣ ማሽኑ የመታው ቁጥር ከገባለት ብረት በአንድ ሲያንስ ነው የታወቀባቸው። ያመለጠበት ሰው በጥፋት መዝገብ ይጻፋል፣ የተጻፈ ይባረራል። ሕጉ እንደዛ ነበር። ያን ቀን ጫማቸውን ሦስቴ አራግፈው ነው ያስወጧቸው፣ እንደ ሌባ። ለእኔ ሲነግሩኝ አንቺ እነዚህን መሰብሰብ ጀምረሽ ነበር። ደስታዋን አልነጥቃትም አሉ።"

ቧንቧ ከሚቆለልበት ሳጥን ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት! እኔ "ብርቅ ነች፣ አምልጣ የወጣች ናት" እያልኩ በቀይ ከፋይ ጨርቅ ላይ የምደረድራት እያንዳንዷ ሳንቲም ለካ አንድ ሰው ተጽፎባታል። አንድ ሰው ጫማውን አራግፎባታል። አባቴ እኮ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ተነስቶ ይወጣ ነበር! እኔ ደግሞ "ለኔ ነገር ግድ የለውም" ብዬ ስንቴ አኮረፍኩት። አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆነህ ነው አባባ?" አላልኩትም። ስለራሴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ሲስተር" አለ አባቴ። ድምፁ ተለውጧል። "አንዷ የለችም።"

ጣቱ ሳጥኑ መሃል ያለው ትልቁ ቀዳዳ ላይ ነው። ባዶ። ሳጥኑ ለአርባ አንድ ነው የተሠራው፤ እሱ የመታው አርባ ነው። አርባ አንደኛዋን ግን ለነገው እንደገና ልመዝናት ብዬ ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤት ወስጃት ነበር። በጥጥ ተጠቅልላ፣ ባዶ የክኒን ብልቃጥ ውስጥ፣ ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ናት። አልተመታችም! እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ሁሉ ሐፍረት መሃል ደስ አለኝ። ቦርሳዬን በብብቴ ሥር አጥብቄ ያዝኩት። ሙዚየሙ የፈለገው እሷን ነው፣ እሷ ካለች መስታወቱም ስሜም አሉ።

"የለችም አባባ፣ መጀመሪያውንም አልነበረችም" አልኩት።

"ነበረች። ቦታዋ ይኸው።" በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን መዳበስ ጀመረ። እራት አልበላም። አልጋው ውስጥ ካስገባነው በኋላ እንኳ "በማሽኑ ሥር እዩልኝ" ይላል። ባሌ አንድ ሁለቴ ወደ ቦርሳዬ አየ። "እንዳትናገር" ብዬ ዓይኔን አጉረጠረጥኩበት። ማታ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የተኛው።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መርማሪው መጣ። ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ሚዛኑን በትንሽ ሻንጣ ይዟል፣ ነጭ ጓንት ያደርጋል። ባሌ አባቴን ጓሮ ይዞልኛል። አርባዎቹን አወጣሁና "አደጋ ደርሶባቸዋል" አልኩ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንዷን አየ፣ ሁለተኛዋን አየ፣ ከዚያ ማጉያውን አስቀመጠ።

"ማነው ይህን ያደረገ?" አለኝ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ታሪኩ ረጅም ነው።"

"እነዚህ አበቃላቸው፣ እመቤቴ። ትልቋስ?"

ብልቃጡን ከፈትኩ። ጥጡን ገልጦ አያት። ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። ልክ ናት። ጠርዟን አየ፣ ገልብጦ አየ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። "እንዲህ ያለች በሕይወቴ ሁለተኛዋ ናት" አለና ወረቀቱን ከሻንጣው አውጥቶ፣ ስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ። ስሜ ታትሞ ተቀምጧል። በደማቁ፣ ከነአባቴ ስም።

ልፈርም ሳጎነብስ በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው። ባሌ ከኋላው "ማቆም አቃተኝ" በሚል ዓይን ቆሟል። አባቴ የባሌን የሥራ ቱታ ለብሷል፣ እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ተንጠልጥሏል። መርማሪውን ከነጓንቱ ከነሚዛኑ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጫማዎቹን አወለቀ። ግራውን ገልብጦ አራገፈ። ቀኙን ገልብጦ አራገፈ። ባዶ መሆናቸውን ለሰውየው አሳየው።

"ጌታዬ" አለ፣ "አንዷ ጠፍታለች። ሌሊቱን ስፈልግ አድሬ አጣኋት። ማሽኑ የእኔ ነው። ይቺን ልጅ እንዳትነኳት፣ ገና አዲስ ናት፣ የምታውቀው ነገር የለም። እኔን ጻፉኝ።"

በቁሜ ሞትኩ። ሰው እንዲህ ሲዋረድ አይቼ አላውቅም፣ ያውም አባቴ፣ ያውም በእኔ ሳሎን፣ ያውም እኔን ሊያድን። መርማሪው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሚዛኑ ላይ ያለችውን ሳንቲም አየኋት። ከአባቴ ማሽን ያመለጠችው ራሷ ትሁን ሌላዋ፣ የሚያውቅ የለም፤ ዓመተ ምሕረት እንኳ የለባትም። ስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ አገኘኋት!" አልኩ። ከሚዛኑ ላይ ብድግ አድርጌ መዳፉ ላይ አኖርኳት። "በማሽኑ ሥር ወድቃ ነበር። ቶሎ ምታት።"

"እመቤቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?" መርማሪው ከወንበሩ ተስፈነጠረ። "አብደዋል እንዴ? ያዟቸው እንጂ! ሰው የለም እዚህ ቤት?"

አባቴ በባዶ እግሩ ወደ ጓሮ ሮጠ። ዕድሜው ሰባ ስምንት ነው፣ እንደዚያ ሲሮጥ ከየት እንዳመጣው እንጃ። እኛም ተከታትለን ወጣን። ሞርሳው ላይ አስቀመጣት፣ በአውራ ጣቱ መሃሏን ለካ፣ የወፍ እግሯን ብረት አቆመ። እኔ "ተው" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ጧ።

መርማሪው ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቀረ። አባቴ ሳንቲሟን በቱታው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ አቀረበለት። "ይኸው ጌታዬ። ይዩልኝ።"

መርማሪውን በልመና ዓይን አየሁት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ወደ ሳሎን ተመልሶ ሄደ። ጥሎን የወጣ መስሎኝ ነበር። ማጉያውንና አርባዎቹን ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፣ አንድ በአንድ አያቸው፣ በጣቱ እየነካ እስከ አርባ አንድ ቆጠረ። ጓንቱን አውልቆ ለአባቴ እጁን ዘረጋለት።

"አንድም አልጎደለም" አለው። "አንድም ያልተመታ የለም። የሚጻፍ ሰውም የለም።"

አባቴ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው። ትከሻው ሲወርድ አየሁት፣ ስንት ዓመት ተሸክሞት የኖረውን ነገር ያወረደ ነው የሚመስለው። ባሌ ወደ ቧንቧዎቹ ዞሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። መርማሪው ሳይሰናበተኝ ሚዛኑን ሰብስቦ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር ብሎ "እኔም ሙዚየሙን ምን እንደምል ላስብበት" አለኝ። ወረቀቱን ይዞት ሄዷል።

አባቴ ጫማውን እያደረገ "እንግዲህ ልሂድ ሲስተር" አለኝ።

"ወዴት ነው?"

"ቤቴ ነዋ። ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሳልመጣ አትገባም፣ ግትር ናት።"

ባሌን አየሁት። "በጓሮ በኩል አዙረህ አምጣልኝ፣ ቀስ እያልክ" አልኩት። እኔ በቤቱ ውስጥ ሮጬ፣ ሳሎኑን አቋርጬ፣ የፊት ለፊቱን በር ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደፍ ላይ ቆሜ ፀጉሬን አስተካክላለሁ።

ከግድግዳው ጥግ ብቅ አለ። መሐረቡን በእጁ ጨብጧል። ቆመ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። ነርሷን ይሆን የሚያየው፣ ሌላ ሰው ይሆን፣ አላወቅሁም።

"በላሽ?" አለኝ።

"አልበላሁም አባባ" አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቻለሁ።

"ታዲያ ምን ያቆምሻል? ነይ ግቢ" አለኝና እጄን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ።